«ብርሌ ከነቃ»፦ የተሰበረ የመኪና የፊት መስታወትን ስለ መተካት
(ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ገለጻ የተወሰደ ጽሑፍ)



«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላሉ አበው። አባባሉ ለጠጅ ብርሌ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ ለመኪና የፊት መስታወት ግን በከፊል ብቻ ይሠራል። የነቃ የፊት መስታወት አንዳንድ ጊዜ ይጠገናል፤ መተካት ሲኖርበት ደግሞ ምርጫው ከሚመስለን ይልቅ ከባድ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የፊት መስታወት የንፋስና የአቧራ መከለያ ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪን ከሚጠብቁት የመኪናው ክፍሎች አንዱ ነው። ስለሆነም የምንመርጠው መስታወቱን ብቻ ሳይሆን ማጣበቂያውንና ማጣበቂያው የሚጠነክርበትን ጊዜ ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቁሱ። መስታወት እመቃን በሚገባ ይቋቋማል፤ ውጥረት ግን ያሸንፈዋል። በገጹ ላይ ያለች ጥቃቅን ጭረት ውጥረቱን በጫፏ ላይ ስለምታከማች ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። የጎን መስታወቶች በአመዛኙ ከጋሉ በኋላ በአየር በድንገት እንዲቀዘቅዙ ስለሚደረግ ገጻቸው በእመቃ ውስጥ ይቆያል፤ በዚህም ይጠነክራሉ። ሲሰበሩ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ትንንሽ ፍርፋሪ ይለወጣሉ። የፊቱም እንዲሁ ቢሠራ ኖሮ አንዲት ጠጠር የሾፌሩን ዕይታ በቅጽበት ልታጠፋ ትችል ነበር።

የፊት መስታወት ስለዚህ ድርብ ሆኖ ይሠራል። እያንዳንዳቸው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍሩ ሁለት መስታወቶች፣ በመካከላቸው 0.76 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ፖሊቪኒል ቡቲራል በተባለ ፕላስቲክ ይጣበቃሉ። የሐሳቡ ምንጭ ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ ነው። በውስጡ የሴሉሎስ ናይትሬት ሽፋን ደርቆ የቀረ የላቦራቶሪ ብልቃጥ ወድቆ ቢሰነጠቅም ሳይበታተን መቅረቱን ማስተዋሉ ይነገራል፤ በ1909 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የዛሬው መስታወትም ሲሰበር ስብርባሪው ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ይህ አሠራር የመጠገንን ዕድል ይሰጣል። ጉዳቱ በውጭኛው መስታወት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከሳንቲም ካልበለጠ፣ ጠርዝ ካልደረሰና በሾፌሩ ቀጥተኛ ዕይታ ላይ ካልሆነ፣ ሬዚን ተሞልቶበት ሊድን ይችላል። ከዚህ ካለፈ ግን የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት፣ እንዲሁም የመንገዱ ንዝረት ስንጥቁን እያራዘሙት ስለሚሄዱ መተካት ይሻላል።

መስታወቱ በአደጋ ጊዜ የሚሠራውን እንመልከት። በብዙ መኪኖች የተሳፋሪው የአየር ከረጢት ሲፈነዳ ወደ ላይ ተነሥቶ የፊት መስታወቱን ይደገፋል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰከንድ ጥቂት መቶኛዎች ውስጥ ነው። መስታወቱ በደካማ ማጣበቂያ ከተያዘ ተገፍቶ ይወጣል፤ ከረጢቱም ድጋፍ ያጣል። መኪናው ሲገለበጥም በሚገባ የተጣበቀ መስታወት ጣሪያው እንዳይደረመስ ያግዛል። የምርጫችን ዋጋ የሚታወቀው እንግዲህ ከሾፌሩ ጎን በተቀመጠው ሰው ላይ ነው።

ወደ ገበያ ስንሄድ ቀድመን ማየት ያለብን በመስታወቱ ጥግ ላይ የታተመውን ምልክት ነው። በክብ ውስጥ ያለው ‹ኢ› የተሰኘው የላቲን ፊደልና ከጎኑ ያለው ቁጥር ማረጋገጫውን የሰጠውን አገር ያመለክታሉ፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን ነው። 43 የሚለው ቁጥር የተባበሩት መንግሥታት የመኪና መስታወት ደንብን ይጠቁማል። በዚህ ደንብ ከሚደረጉት ፈተናዎች አንዱ 2,260 ግራም የሚመዝን የብረት ኳስ ከ4 ሜትር ከፍታ መልቀቅ ነው፤ ኳሱ በ5 ሰከንድ ውስጥ መስታወቱን በስቶ ማለፍ የለበትም። በአሜሪካ ደረጃ ለፊት መስታወት የሚፈለገው ጽሑፍ ‹ኤ ኤስ 1› ሲሆን በቻይና ደግሞ ሦስት ‹ሲ› ፊደላት ይታተማሉ። ምልክት የሌለውን መስታወት፣ ምንም ያህል ቢረክስ፣ እኔ አልመክርም።

በመርካቶ ሶማሌ ተራን በመሰሉ ሰፈሮች ያገለገለ መስታወትም ይገኛል። ችግሩ ዕድሜው ብቻ አይደለም። ከሌላ መኪና ላይ ተቆርጦ ሲነሣ ጠርዙ ሊጫር ይችላል፤ ስንጥቅም በቀላሉ የሚነሣው ከጠርዝ ነው። ጠርዙ አካባቢ ነጣ ያለ ጉም ከታየ ደግሞ ፕላስቲኩ ከመስታወቱ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው።

በአዳዲስ መኪኖች፣ ከቻይና በሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ጭምር፣ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። በብዙዎቹ ከውስጥ መመልከቻው መስታወት ጀርባ ካሜራ አለ፤ መስመር የሚጠብቀውና ፍሬን ለመያዝ የሚያግዘው ሥርዓት የሚያየው በዚያ በኩል ነው። መስታወቱ ተቀይሮ የካሜራው አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ፣ በ50 ሜትር ርቀት ላይ ስሕተቱ 87 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም በራስ መስመር ያለን መኪና ከጎረቤት መስመር ካለው ለማምታታት ይበቃል። ስለሆነም የካሜራው ማስተካከያ የመስታወት ቅየራው አካል ተደርጎ መታሰብ አለበት። ፍጥነትን በመስታወቱ ላይ የሚያሳዩ መኪኖችም ምስሉ ድርብ ሆኖ እንዳይታይ የተለየ መስታወት ይፈልጋሉ።

በመጨረሻ ስለ ማጣበቂያው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ፖሊዩሬታን ነው። ተራ ሲሊኮን ውኃ ሊያግድ ይችላል፤ የአደጋን ጉልበት እንዲሸከም ግን አልተሠራም። አብዛኛው የመስታወት ፖሊዩሬታን የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው፤ በቀዝቃዛና ደረቅ አየር፣ ለምሳሌ በበጋ ጠዋት በአዲስ አበባ፣ ይዘገያል። መኪናው መንቀሳቀስ የሚችልበት ሰዓት በማጣበቂያው መግለጫ ላይ ይጻፋል፤ ባለጋራዡም ባለመኪናውም ሊያከብሩት ይገባል።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው «የመኪናው አምራች ስም ያለበትን ልግዛ ወይስ ሌላውን?» የሚል ነው። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ፣ ትክክለኛ ምልክት ያለውን፣ ለመኪናው ሞዴል የሚስማማውን የሌላ አምራች መስታወት ገዝቶ የተረፈውን ለጥሩ ማጣበቂያ፣ ለሠለጠነ እጅና ለካሜራ ማስተካከያ ማዋል ይበልጣል። በስም የታወቀ መስታወት በክፉ ማጣበቂያ ከተለጠፈ በአደጋ ቀን ስሙ አይዘውም።