ከአስቸጋሪ አለቃ ወጪት ሳይሰብሩ መለያየት

በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ማምሻ ላይ የማይቀር ሥራ አለ። በመስተዋት ውስጥ የዋለው ሀብልና ቀለበት ይለቀማል፤ በሚዛን ያልፋል፤ ግራሙ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ከዚያ በካዝና ይቆለፋል። አንዲት ቀለበት ብትጎድል ሻጩ ቤቱ አይገባም። አለቃው ቁጡ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይጎድልም ስድቡ አይቀርለትም። ጠዋት በደንበኛ ፊት መዋረድ፣ ማታ መጠርጠር፤ እንዲህ ዓመታት የገፋ ሠራተኛ አንድ ቀን ቁልፉን ወርውሮ መውጣት ቢያምረው የሚፈርድበት የለም።

ይሁን እንጂ በዚህ ገበያ ቁልፉን የወረወረ ሰው የሚያጣው ደመወዙን ብቻ አይደለም።

ስም ከግራም ይከብዳል

የወርቅ ንግድ ከገንዘብ ይልቅ በእምነት የሚዞር ንግድ ነው። ደንበኛ የፈለገው አምባር በሱቁ ከሌለ ከጎረቤት በቃል ይመጣል። አንጥረኛው ወርቅ በግራም ተረክቦ ይሄድና ሠርቶ ይመልሳል። ደላላው ገዢ ያመጣል። ሁሉም ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሰውየው ማን ዘንድ ነበር? እንዴትስ ወጣ?» ብሎ ነው። መልሱ የሚገኘው ደግሞ ከዚያው ከቁጡው አለቃ ነው። ነገ በትንሽ ካፒታል የራሱን ሱቅ ሊከፍት ያሰበ ሻጭ የመጀመሪያ ዕቃው የሚገኘው በእምነት ስለሆነ፣ አወጣጡ ራሱ የካፒታሉ አንድ ክፍል ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢው ብዙ ቤቶች ለልማት ሲነሡ ነጋዴው ወደ ልዩ ልዩ ሠፈር ተበትኗል። ሱቁ ቢነሣም ስሙ ግን አልተነሣም፤ በስልክ የሚጠያየቀው ያው የአራዳ ሰው ነው።

ነገሩ በወርቅ ቤት ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የባንክ ሥራ ለኢትዮጵያውያን የግል ባለሀብቶች ከተፈቀደ በኋላ፣ በ1987 አዋሽ፣ ቀጥሎም ዳሸንና አቢሲኒያ ሥራ ሲጀምሩ ልምድ ካላቸው ባለሙያዎቻቸው ብዙዎቹ ከመንግሥት ባንኮች የመጡ ነበሩ። ወንበር ቀየሩ እንጂ ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ጋር መገናኘታቸው አልቀረም፤ ቼኩም ሒሳቡም ያገናኛቸዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን በፈቃዱ መልቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን። ሳያስጠነቅቅ የጠፋ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሣ ሊከፍል ይችላል። በአንጻሩ አሠሪው የሚገባውን ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም፣ ያልተወሰደውን የዓመት ፈቃድ በገንዘብ መተሳሰብ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት አለበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤ የአለቃ ችሮታ ሳይሆን የሠራተኛው መብት ነው።

ትዕግሥትም ልክ አለው። አሠሪው ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ወይም በወንጀል የሚያስጠይቅ ነገር ከፈጸመ፣ ወይም ወሲባዊ ትንኮሳ ካደረሰ፣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ እንዲወጣ ሕጉ ይፈቅድለታል። በሰላም መለያየት ማለት ጥቃትን ተሸክሞ መቆየት ማለት አይደለም።

ዋስን አትርሱ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዋሱን ነው። ገንዘብና ወርቅ የሚይዝ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠረው ዋስ ጠርቶ ነው። ሠራተኛው ተጣልቶ ቢጠፋ አለቃው የሚይዘው ያንን ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው። ስለዚህ ከመውጣት በፊት በምስክር ፊት ቆጠራ ይደረግ፤ ካራቱና ግራሙ ተለይቶ በርክክብ ሰነድ ላይ ይስፈር፤ ሁለቱም ይፈርሙ። የተወሰደ ብድር ካለ ይዘጋ። ዋሱ ከግዴታው ነፃ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ያለ ርክክብ የወጣ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ለሚጎድል ቀለበትም ሊጠረጠር ይችላል።

ጊዜም ይመረጥ። በጥር የሠርግ ገበያ ወይም ሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ሲቃረብ መልቀቅ አለቃውን መጉዳት ነው፤ ጉዳቱም አይረሳም። ሐምሌ ሲገባ ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ቆጠራው አልቆ፣ የክረምቱ ገበያ ቀዝቅዞ ይገኛል።

አነጋገሩስ? የዓመታት ቂምን በመጨረሻው ቀን መዘርገፍ ትርፍ የለውም። «ጋሼ፣ የራሴን ልሞክር ብዬ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቆይቼ ሥራውን ለሚተካኝ አሳያለሁ» ማለት ይበቃል። ሐሰት የለበትም፤ የሚያስቆጣም ነገር የለበትም። የደንበኞችን ስልክና የሱቁን ዋጋ በድብቅ ገልብጦ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የሌላውን የንግድ መረጃ ያለ ፈቃዱ፣ ከመልካም የንግድ አሠራር ውጭ መጠቀምን ተገቢ ካልሆነ ውድድር ይቆጥረዋል። የቀድሞ ደንበኛ ራሱ ፈልጎ ቢመጣ ግን ማንም አያስቀረውም።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለን። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዞ ሠራተኛን ማመላለስ ቁጣን ያበርድ ይሆናል እንጂ ሱቅን አይጠቅምም። የወጣው ሻጭ የደንበኞችን የጣት ልክ ሳይቀር ያውቃል፤ ነገ ጎረቤት ሱቅ ሆኖ አምባር በቃል የሚጠየቀውም እሱ ሊሆን ይችላል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሠራተኛ እንዳለ ሁሉ፣ ያበላበትን ወጪት ራሱ የሚሰብር አሠሪም አለ። በዚህ ገበያ ሁለቱም የሚከፍሉት በስማቸው ነው።