የመቻል ጥማት

አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚኖር ሰው ውሃን የሚያውቀው በጀሪካን ነው። የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በመጣበት ሌሊት ተነስተን በርሜሉን፣ ባልዲውን፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖቹን እንሞላለን። የትኛው ለወጥ፣ የትኛው ለልብስ እንደሚውል ሁሉም የቤተሰብ አባል ያውቃል። ከግቢው በር አጠገብ የምትቀመጠው ቢጫ ጀሪካን የመቻል ናት። መቻል ውሻችን ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ 20 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ ስሟን ያወጣችላት እናቴ ናት።

ያቺ ጀሪካን ሳህን ማጠቢያውን ጨምሮ ሁለት ሳምንት ታደርሰን ነበር። በመጋቢት መጀመሪያ ግን በስድስተኛው ቀን ባዶዋን ተገኘች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰው ነው። ቤት የምታግዘንን ልጅ ጠርቼ፣ «ለአትክልቱ አፍስሰሽው ነው?» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም። እሷው ናት የጨረሰችው።»

አላመንኳትም። በማግስቱ ግን ቁጭ ብዬ ተመለከትኩ። መቻል ሳህኗን ጥርግ አድርጋ ጠጥታ ትሄዳለች፣ ጥላ ሥር ትጋደማለች፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ ባዶውን ሳህን ትልሳለች። የመጋቢት ፀሐይ ነው አልን። ሙቀት እውነትም ውሻን ያስጠማል። ውሻ እንደ ሰው ላብ አያልበውም፤ ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ነው ሙቀቱን የሚያስወጣው፤ በዚያውም ብዙ ውሃ ያጣል። ሆኖም ከሰዓት በኋላ ደመና ሆኖ የቀዘቀዘ ዕለትም አጠጣጧ ያው ነበር።

ቀጥሎ ተጠያቂ ያደረግነው ምግቡን ነው። ሁዳዴ ስለሆነ ከሥጋ ቤት አጥንት አይመጣም፤ የምትበላው የሽሮ ፍትፍት ትርፍራፊ ነበር፣ ጨውም በርበሬም ያለበት። ይህም ቢሆን ከንቱ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ጨው የበዛበት ምግብ ውሻን ያስጠማል። ሦስት ቀን ጨው የሌለው ሩዝ ቀቅለን ሰጠናት። ግማሹን ትታው ሄደች። እናቴ «የጾም ምግብ ሰልችቷት ነው» አለች። ውሃው ግን አልቀነሰም።

በዚያው ሰሞን በረንዳው መርጠብ ጀመረ። መቻል በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በረንዳ ላይ ሸንታ አታውቅም። አሁንም የተቆጣሁት ልጅቷን ነው። «በጊዜ ስለማትፈቻት ነው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ፈትቻት ነበር። ደጅ ሸንታ ተመለሰች። ወዲያው ደግሞ እዚሁ ሸናች።»

እናቴ መፍትሔ አመጣች። «ማታ ማታ ውሃውን አንሱባት። ካልጠጣች ከየት አምጥታ ትሸናለች?» ለሁላችንም ትክክል መሰለን። ሳህኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ሌሊት ሲሚንቶ የሚፈገፍግ ድምፅ ሰማሁና ባትሪ ይዤ ወጣሁ። መቻል የግቢው ቧንቧ ሥር ተጋድማለች። ቧንቧው ውሃ በሌለበት ቀን እንኳ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል። ጠብታዋ ስትወድቅ መሬቱን ትልሳለች፣ ከዚያ ቀና ብላ የቧንቧውን አፍ እያየች ቀጣይዋን ትጠብቃለች። ብርሃኑ ሲያርፍባት ጭራዋን አንድ ጊዜ አንቀሳቀሰች፤ ዓይኗን ግን ከቧንቧው አልነቀለችም። ሳህኑን ሞልቼ መለስኩላት።

ቁጭ ብዬ ሳስብ ከዓመታት በፊት ያነበብኩት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ይህን የእኛን ክርክር ከእኛ በፊት ተከራክረውታል።

እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፣ ያኔ በጀርመን ሥር በነበረችው በስትራስቡርግ ከተማ። ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ቆሽት ስብን ለመፍጨት ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው የአንድ ውሻ ቆሽት በቀዶ ሕክምና አወጡ። ስለ ስኳር በሽታ ያሰበ ማንም አልነበረም። ውሻው ከቀዶ ሕክምናው ተረፈ። ፎን ሜሪንግ ለግል ጉዳይ ከከተማ ወጣ፤ ሚንኮቭስኪ ውሻውን ላቦራቶሪው ውስጥ አቆየው። ውሻው ደጅ መሽናት የለመደ ነበር፣ አሁን ግን ወለሉን በየጊዜው ያረጥበዋል። ሚንኮቭስኪ ረዳቱን በጊዜ አላወጣኸውም ብሎ ተቆጣው። ረዳቱም አውጥቼዋለሁ፣ ግን ተመልሶ ሲገባ ወዲያው ይሸናል ሲል መለሰለት።

ልጅቷ ለእኔ የመለሰችልኝ ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ሚንኮቭስኪ ረዳቱን ማመኑ ነው። ከወለሉ ሽንት ቀድቶ መረመረ፤ 12 በመቶ ስኳር አገኘበት። ዝንቦች ሽንቱን ሲከቡት ታይቶ ነው የተደረሰበት የሚል ታሪክም በብዙ ቦታ ይተረካል፤ ሚንኮቭስኪ ራሱ የተናገረው ግን የረጠበውን ወለል ነው። ከዚያ ወለል የተነሳው ጥያቄ ቶሮንቶ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት ያወጡትን ንጥር ቆሽት በሌላቸው ውሾች ላይ ሞከሩ፤ በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ይህንኑ ንጥር፣ ኢንሱሊንን፣ ተወግቶ ተረፈ። ዛሬ በየቤታችን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው የኢንሱሊን ብልቃጥ ብዙ ውሾች የሞቱበት ነው፤ ይህን ማወቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

እኔን ከመኝታዬ ያስቀረኝ ግን የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። የስትራስቡርጉ ውሻ የሸናው ስለጠጣ አይደለም። ስኳሩ በኩላሊት በኩል ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይሄዳል፤ ውሻው የሚጠጣው የሄደበትን ለመተካት ነው። እኛ ቤት መጨረሻውን መጀመሪያ አድርገን ነበር የተያያዝነው።

እንግዲያው ስኳር ይሆን? እናቴ ጠዋት ተነስታ በረንዳው ላይ ጉንዳን ፈለገች፤ አልመጣም። እኔ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አምጥቼ የምንሰጣትን ውሃ መለካት ጀመርኩ። ሌላውን ሁሉ ዕቃ ከደንኩ፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሳይቀር። በመጀመሪያው ቀን 3 ሊትር፣ በሁለተኛው 3 ሊትር ተኩል ጠጣች። ደብተር ላይ ጻፍኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባጃጅ በኮንትራት ይዘን፣ እናቴ ነጠላዋን አንጥፋላት፣ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድናት።

ሐኪሟ ደብተሩን ስታይ ፊቷ በራ። «በቀን ስንት ትጠጣለች ብዬ ስጠይቅ ሰው ሁሉ ‹ብዙ› ነው የሚለኝ» አለች። ጤነኛ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ከ100 ካለፈ መመርመር አለበት። መቻል በ20 ኪሎዋ ቢበዛ 2 ሊትር ላይ መቆም ነበረባት።

የሽንት መመርመሪያዋ ወረቀት ቀለሟን አልቀየረችም፤ ስኳር የለም። ሽንቷ ግን ውሃ ማለት ነው፣ ከቧንቧ የተቀዳ ይመስላል። ኩላሊቷ ውሃ መቆጠብ አቅቶታል ማለት ነው። ኩላሊቱ ራሱ ታሞ ይሆን? ኩላሊት ሽንት ማጥበቅ የሚያቅተው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከተጎዳ በኋላ ስለሆነ ሐኪሟ በቀላሉ አላለፈችውም፤ ደም ቀዳች። «እከክ አለባት ብላችሁ ፕሬድኒሶሎን ሰጥታችኋታል?» አለችን። አልሰጠንም። እሱም ክፉኛ ያስጠማል። ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ኮርቲሶል ሲያበዛም እንዲሁ ነው፤ የመቻል ፀጉር ግን አልሳሳም፣ ሆዷም በዚያ በሽታ እንደሚያዙት አልተዘረጠጠም።

ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቀች። «እማማ፣ ወንድ የፈለገችው መቼ ነበር?»

እናቴ ትንሽ አፈረች። «በጥምቀት ሰሞን ነው ልጄ። የሰፈሩ ውሻ በሙሉ በራችንን ከቦ አላስወጣ አላስገባ ብሎን ነበር።»

ሐኪሟ በጣቷ ቆጠረች። ስምንት ሳምንት ገደማ። ሌላ ቃል ሳትናገር የመቻልን የሆድ ፀጉር ላጭታ አልትራሳውንዱን አሳረፈችበት። ማያው ላይ እንደ ተደረደረ ቋሊማ ያሉ ጥቋቁር ከረጢቶች ታዩ። እኔ ቡችላ መስሎኝ ነበር። «ቡችላ አይደለም። መግል ነው፤ ማህፀኗ መግል ሞልቷል» አለች።

ማህፀኗ ባልወጣ በማንኛዋም ሴት ውሻ ላይ ሊመጣ የሚችል በሽታ ነው፤ በተለይ ዕድሜዋ ገፋ ባለው። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ባታረግዝም እንኳ፣ የእርግዝናው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ለሁለት ወር ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል። የማህፀኑን ግድግዳ ያወፍራል፣ አፉን ይዘጋል። ከአንጀት የሚመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ውስጥ ከቀረ እዚያው ይራባል። የባክቴሪያው መርዝ በደም ኩላሊት ይደርሳል። አንጎል ውሃ እንዲቆጠብ የሚያዝበት ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን አለ፤ መርዙ ኩላሊቱ ይህን ትእዛዝ እንዳይቀበል ያደርገዋል። ውሃው ይፈሳል፣ ውሻዋ ትጠጣለች። የማህፀኑ አፍ ክፍት ከሆነ መግሉ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ቶሎ ይታያል። የመቻል ግን ዝግ ነበር፤ በውጭ ያየነው ውሃውንና የተረፈውን ሩዝ ብቻ ነው።

ሳህኑን ያነሳሁበትን ሌሊት ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ኩላሊቱ ባትጠጣም ማፍሰሱን አያቆምም፤ ብንቀጥልበት ኖሮ በመርዙ ላይ የውሃ እጥረት ጨምረን እንገድላት ነበር አለችኝ።

ግሉኮስ ተሰካላት፣ አንቲባዮቲክ ተሰጣት፣ በዚያኑ ቀን ማህፀኗ ከነእንቁላል ማምረቻዎቿ ወጣ። ሐኪሟ በሳህን አድርጋ አሳየችን፤ እንደ ክንዴ ወፍሯል። እናቴ ፊቷን አዞረች። የደሙ ውጤት ኩላሊቷ ራሱ እንዳልተጎዳ አሳየ።

ከሳምንት በኋላ ደብተሩ ላይ 1 ሊትር ተኩል ጻፍኩ፤ በወሩ 1 ሊትር። በረንዳው ደረቀ። ልጅቷን ሁለት ጊዜ ያለጥፋቷ ስለተቆጣኋት ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ከሁላችንም ቀድማ እውነቱን የተናገረችው እሷ ነበረች።

ውሻ ያላችሁ፣ ድንገት ውሃ ካበዛ ሳህኑን አታንሱበት። ሁለት ቀን ለክታችሁ ጻፉት፤ ሴት ከሆነች ወንድ የፈለገችበትን ሰሞን አስታውሱ፤ ምግብ ከተወች ወይም ከደከመች ግን መለካቱንም ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።