ሕፃን ተኝቶ ትንፋሹን ሲያቋርጥ

ልጆች ሆይ፥ ትናንት ሌሊት ተኝታችሁ ሳለ «ተንፍሱ» እያለ ያዘዛችሁ ሰው ነበርን? አልነበረም። ይህን ሥራ የሚሠራው በአንጎላችን ግርጌ፥ ከማጅራት በላይ ያለው ክፍል ነው። የተቃጠለ አየር በደማችን ውስጥ ሲበዛ ያውቅና ለደረት ጡንቻዎች ትእዛዝ ይሰድዳል፤ ያን ጊዜ ደረት ይነሣል፥ ሳንባም አየር ይስባል።

በአንዳንድ ሕፃናት ዘንድ ግን ይህ ትእዛዝ በእንቅልፍ ጊዜ ይዘገያል። የትምህርት ቤታችንን ደወል አስቡ። ደወሉ ደኅና ነው፥ ገመዱም አልተበጠሰም፤ ነገር ግን ደዋዩ ቢያንቀላፋ ማን ተነሥቶ ወደ ክፍል ይገባል? እንዲሁም የሕፃኑ ሳንባ ጤነኛ፥ ጉሮሮውም ክፍት ሳለ፥ ትእዛዝ ስላልመጣለት ደረቱ ዝም ይላል። ሐኪሞች ይህን ሴንትራል አፕኒያ ይሉታል። ጉሮሮው ጠብቦ የሚያንኮራፋ ልጅ ሕመሙ ሌላ ነው፤ የእርሱ ደረት አየር ለመሳብ ሲታገል ይታያል። ይኸኛው ግን ትግልም ድምፅም የለውም፤ ስለዚህ እናት አጠገቡ ተኝታ ሳለች እንኳ ላታውቀው ትችላለች።

ትንፋሽ ባቋረጠ ቍጥር መደንገጥ አይገባም። ጤነኛ ጨቅላ ሕፃን ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ያህል ዝም ብሎ እንደ ገና ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ዝምታው 20 ሴኮንድ ሲደርስ ግን፥ ወይም ከዚያ ቢያንስም ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ፥ አደጋ ነው። ይህም 37 ሳምንት ሳይሞላቸው በተወለዱት ላይ ይበዛል፤ አንጎላቸው ሥራውን ገና ተምሮ አልጨረሰምና። አብዛኞቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

ታናሽ ወንድማችሁን ስትጠብቁ እንዲህ ያለ ነገር ብታዩ፥ ወዲያው ጮኻችሁ ትልቅ ሰው ጥሩ፤ የውስጥ እግሩንም እሹት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ትንፋሹን ይመልሰዋል። ከቶ አትወዝውዙት፤ የሕፃን አንጎል በመወዝወዝ ይጎዳል። ትንፋሹ ቢመለስም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

መድኃኒቱን ብነግራችሁ ትደነቃላችሁ። አያቶቻችሁ እንቅልፍን የሚያባርሩበት ቡና በውስጡ ካፌይን የሚባል ነገር አለው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. ሐኪሞች ይህን ካፌይን ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ሰጥተው ትንፋሻቸው እንደ ተሻለ ጻፉ። በ2006 ዓ.ም. በታተመው ታላቅ ምርመራም፥ ካፌይን የተሰጣቸው ሕፃናት ካልተሰጣቸው ይልቅ አንድ ሳምንት ያህል ቀድመው ከመተንፈሻ መሣሪያ ተላቀቁ። ነገር ግን ይህን ሰምቶ ለሕፃን ቡና በማንኪያ የሚያቀምስ እንዳይኖር እፈራለሁ፤ ሐኪሙ የሚሰጠው ንጹሕ ካፌይን በሕፃኑ ክብደት ተለክቶ ነው፥ የጀበና ቡና ግን መለኪያ የለውም።