ኮድ ማድበስበስ ምን ያህል ያዋጣል?

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ሌላው ፈታቶ እንዳያነብበት ኮዱን ያድበሰብሰዋል። «ደመወዝ አስላ» ይባል የነበረው ክፍል ስሙ «ሀ1» ይሆናል። በዐሥር መስመር የሚያልቀው ሥራ መቶ ቦታ ይጠማዘዛል፣ ከንቱ ትእዛዝ መሀል መሀሉ ላይ ይሰገሰጋል፣ ጽሑፉም ይመሰጠራል። የባሰበት ደግሞ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ የሚያገለግል የትእዛዝ ቋንቋ ፈጥሮ ኮዱን በዚያ ይጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ሥራውን እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ግራ የሚጋባው አንባቢው ነው።

ይህን መከላከያ ለመፈተን ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካለው ሲቲዝን ላብ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሮን ዲበርት በ2001 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ይህ ተቋም ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ መንግሥታት በሰው ኮምፒውተርና ስልክ ላይ የሚተክሉትን ሰላይ ሶፍትዌር ማጋለጥ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. ለባህሬን የመብት ተሟጋቾች በኢሜይል የተላከ አንድ ፋይል እጁ ገባ። ኮዱ ክፉኛ ተጠቅልሏል፤ የሚመረምረው እንዳለ ሲያውቅም ሥራውን ያቆማል። ተመራማሪዎቹ ግን ሽፋኑን በመላጥ ብቻ አልደከሙም። ለሙከራ ባዘጋጁት ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ለቀቁትና ማኅደረ ትውስታውን ገልጠው አዩ። በዚያ የሠሪዎቹ የፋይል አድራሻ ሳይሸፈን ተቀምጧል፤ በውስጡም «ፊንስፓይ» የሚል የሰላይ ሶፍትዌር ስም አለ። ጭንብል ያጠለቀ ሰው ለመጉረስ ሲል መግለጡ አይቀርም፤ ፕሮግራምም ለፕሮሰሰሩ ትእዛዙን ሳይገልጥ መሥራት አይችልም።

ባህሪውም አጋለጠው። በዚያው ዓመት ሌላ ተመራማሪ የሰላዩ ሰርቨሮች ለማያውቁት ጠያቂ «ሃሎ ሽቴፊ» ብለው እንደሚመልሱ ደረሰበት፤ በዚህ ምልክት ከተገኙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ሲቲዝን ላብ የተቃዋሚውን ቡድን የግንቦት 7ን ሰዎች ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ የዚሁ ሰላይ ናሙና ይፋ አወጣ፤ ናሙናው የሚያወራው ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ነበር።

ማድበስበስ ታዲያ ከንቱ ነው? አይደለም፤ ጊዜ ይገዛል። በ2018 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት የዚሁን ሰላይ አዲስ ቅጂ ሲተነትን 32 ዓይነት ትእዛዝ ያለው የራሱ ቋንቋ ገጥሞት ብዙ አድክሞታል። ሰነፍ ቀጂም በዚህ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። የቆረጠና ጊዜ ያለው ባለሙያ ግን ይፈታዋል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቦአዝ ባራክና ባልደረቦቹም ማንኛውንም ፕሮግራም ፍጹም የሚሸፍን ዘዴ ሊኖር እንደማይችል በ2001 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አረጋግጠዋል።

ስለዚህ የክፍያ መተግበሪያ የምትሠሩ ወገኖች፣ ኮዳችሁን አድበስብሱ፤ ክፉ አይደለም። ምስጢራዊውን ቁልፍ ግን ደንበኛው ስልክ ውስጥ አትቅበሩት፤ ሰርቨራችሁ ላይ ይቀመጥ።