ቦዬ ሥሩን ከየት ያመጣል?

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ቁርስ ነው። ባለፈው ዓመት ሶዶ አካባቢ የባለቤቴ አጎት ቤት ጎራ ብዬ የተቀቀለ ቦዬ ከቡና ጋር ቀረበልኝ። (ቦዬን ከጎደሬና ከስኳር ድንች ጋር የምታምታቱ የአዲስ አበባ ሰዎች ብዙ ናችሁ፤ ፈረንጆቹ ያም የሚሉት ነው።) ጓዳው ጥግ ተለይቶ የተቀመጠ ሌላ ቦዬ አየሁና ለምን እንዳልተቀቀለ ጠየቅሁ። አዛውንቱ ሳቁ። “እሱማ የሚተከለው ነው። እሱን ከበላን ለከርሞ ምን እንቆፍራለን?”

ነገሩ ወዲህ ነው። ስንዴ ዘሪ ከምርቱ ጥቂቱን ለዘር ቢያስቀር ይበቃዋል። ቦዬ ግን የሚበላው ራሱ የሚተከለው ሲሆን፣ ብዜቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እጥፍ አይበልጥም። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ከማዕዱ ላይ ጉልህ ድርሻ ቆርሶ አፈር ውስጥ ይቀብራል። ታዲያ ቆንጥሮ ቢተክልስ? እኔም ይህንኑ ጠየቅሁ።

አዛውንቱ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጓሮ ወስደው ቀደም ብሎ የተተከለ አንድ ቦዬ አፈሩን ገለጥ አደረጉልኝ። እኔ ሥሩ ከተተከለው ቁራጭ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ዋናዎቹ ሥሮች የወጡት ከአዲሱ ቡቃያ ግርጌ ነው፤ ቁራጩ ከሥር ሆኖ እየተሸበሸበ ነበር። ቁራጩ ስንቅ ነው ማለት ነው። ቡቃያው ሥር አውጥቶ፣ ሐረጉን ሰቅሎ፣ ቅጠል ዘርግቶ ራሱን እስኪችል ድረስ የሚበላው እሱን ነው። አዲሱ ቦዬም የሚያብጠው እዚያው ቡቃያው ግርጌ አካባቢ ነው። ሥሮቹ አብዛኞቹ ጥልቀት የላቸውም፤ በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ወደ ጎን ይበተናሉ። በኩትኮታ ጊዜ ዶማውን አጥልቆ የሚሰነዝር ሰው የሚቆርጠው እነሱን ነው።

ከዚህ በኋላ ሌላው ግልጽ ይሆናል። የራስጌው ቁራጭ ቶሎ ይበቅላል፤ የመሃሉና የግርጌው አዲስ እምቡጥ መፍጠር ስላለበት ይዘገያል። ሥሩም አብሮ ይዘገያል። ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተስፋፋው ዘዴ ቦዬውን 25 ግራም ገደማ በሚመዝኑ፣ ቆዳ ባላቸው ቁራጮች መክተፍ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ግሩም ነው። ነገር ግን ስንቁ ትንሽ በመሆኑ ሥሩ ሳይጠነክር ዝናብ ከዘገየ ቡቃያው አለቀለት፤ የተረፈውም የሚሰጠው ትንንሽ የዘር ቦዬ ነው እንጂ ድስት የሚሞላ አይደለም። ብዙ ገበሬዎች ዘዴውን ለመቀበል ማመንታታቸው በእኔ እምነት ስንፍና አይደለም።

ሌላው መንገድ ሐረጉን መቁረጥ ነው። አንጓ ያለው ቁራጭ ሐረግ እርጥበትና ጥላ ካገኘ ከአንጓው ሥር ያወጣል። ስንቅ ስለሌለው ከሁሉም በላይ እንክብካቤ የሚሻው እሱ ነው። በኢባዳን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ተቋም እንዲያውም ሥሩን ያለ አፈር፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አንጠልጥሎ ምግብ ያዘለ ውኃ እየረጨ አሳድጎታል። ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ ምግቡ ለድስት ይተርፋል፣ በቦዬው ቆዳ ውስጥ ተሸሽገው ከማሳ ማሳ የሚጓዙት ናማቶድ የሚባሉ ረቂቅ ትሎችም አይከተሉም። ቫይረስ ግን በሐረጉም ይተላለፋል።

ከእውነተኛ ፍሬ የሚበቅል ቦዬም አለ። መጀመሪያ የምትወጣው ሥር ብዙ ሳትቆይ ቦታዋን ከግርጌ ለሚወጡት ትለቃለች። ግን የእናቱን ጠባይ ስለማይደግም ለተመራማሪ እንጂ ለገበሬ አይሆንም።

የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የዘር አዋጅ ዘርን ሲተረጉም ለመትከያ የሚውሉ የተክል ክፍሎችንም አካትቶ ነበር። መልካም። ገበያ ላይ ግን የሚበላውና የሚተከለው ቦዬ በአንድ ጆንያ ተቀምጦ በአንድ ሰው ይሸጣል፤ ዘር መሆኑ የሚታወቀው ገዢው ቤቱ ገብቶ ድስቱን ሲጥድ ወይም ሳይጥድ ሲቀር ነው።

አዛውንቱ ጉድጓዱን በእጃቸው ደፈኑት። ስሰናበት ለልጆቹ ብለው ቦዬ ጫኑልኝ። አዲስ አበባ ደርሼ ስፈታው ራስጌው ሁሉ ተቆርጦ ቀርቷል።