የሾንኬ መስጊድ

ሾንኬ ደቡብ ምሥራቅ ወሎ ውስጥ፣ ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በሚባለው የአማራ ክልል ክፍል፣ ከኮረብታ አናት ላይ የሰፈረች የአርጎባ ብሔረሰብ መንደር ናት። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው፤ እርስ በርስ ተጠጋግተው ቆመዋል። መስጊዱም እንደ ቤቶቹ ድንጋይ ነው። የመንደሩ ሰዎች ዕድሜውን ወደ 900 ዓመት ያደርሱታል። በእነዚህ ተራሮች የድንጋይ መስጊድ መሥራት የቆየ ልማድ ነው፤ ከሾንኬ በስተደቡብ በኢፋት፣ የወላስማ ሱልጣኖች ይገዙት በነበረው አገር፣ የፈረንሳይ አጥኚዎች ኖራንና አስባሪን የመሳሰሉ የፈረሱ ከተሞች ከነመስጊዶቻቸው መዝግበዋል።

የወሎ መስጊድ መስገጃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሸህ ባለበት ደረሳ (ተማሪ) ይሰበሰባል፤ ቁርኣን፣ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ)፣ ነሕው (የዓረብኛ ሰዋስው) ይቀራል፤ ማታ ለዱዓና ለዚክር ሐድራ ይቀመጣል፣ መንዙማ ይባላል። ሾንኬን ከአካባቢዋ አልፎ ያስጠራት እ.ኤ.አ. በ1937 ያረፉት ሸህ ጀውሃር ሐይደር ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሁሴን አህመድ ስለ እሳቸው ራሱን የቻለ ጥናት ጽፈዋል። ከሩቅ የመጣ ደረሳ ያን ዳገት የሚወጣው ለእንዲህ ያለ ዓሊም ነበር።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ቋንቋው ነው። አርጎባው በብዙ ሌላ ቦታ የራሱን ቋንቋ፣ አርጎብኛን፣ ትቶ ወይ አማርኛ ወይ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆኗል፤ በሐረር በኩል የነበረው ጨርሶ ጠፍቷል። ሾንኬና ጎረቤቷ ጦላሃ ግን ይዘውት ቆዩ። ሶላቱ በዓረብኛ ስለሆነ ቋንቋውን ያቆየው ስግደቱ ነው ማለት አይቻልም። በእኔ እምነት መስጊዱ ያደረገው ሰውን ከኮረብታው ጋር ማሰር ነው፦ ሸሁ፣ ገበሬውና ሸማኔው በየቀኑ አንድ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ከሶላት በኋላ የሚያወሩት በቤታቸው ቋንቋ ነው። አሜሪካ፣ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ሆነን በአንድ ትውልድ አማርኛ ከልጆቻችን አፍ ሲወጣ የምናይ ሰዎች ቋንቋን ማቆየት ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ እናውቃለን።

የሾንኬና የጦላሃን አርጎብኛ ሰዋስው አንድሬያስ ቬተር የተባሉ ጀርመናዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2010 በመጽሐፍ አውጥተዋል። መጽሐፉ በጀርመንኛ ነው። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ቢመልሰው፣ ከዚያም ለሾንኬ ልጆች መማሪያ ቢያወጣበት፣ ከዚህ ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚያዋጣ አይጠፋም።