አንድ ፖይንት ስንት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ዋጋ ሲጠይቅ ባለሙያው ክፍሎቹን እየዞረ ፖይንት ይቆጥራል። እያንዳንዱ አምፖል አንድ ፖይንት፣ እያንዳንዱ ሶኬትም አንድ ፖይንት ነው። የምጣድና የውኃ ማሞቂያ መስመር ከፍ ባለ ዋጋ ይያዛል። በድምሩ ላይ የብሬከር ሳጥኑና ከቆጣሪ የሚመጣው ዋና መስመር ይታከላል።

በትልልቅ ሕንፃዎች የሥራ ዝርዝር ላይም የሚቆጠረው ፖይንት ነው። እዚያ ግን ፖይንቱ ምን እንደሚይዝ ተጽፎ ይቀመጣል፦ ለአምፖል 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለሶኬት ባለ 2.5፣ የኮንዲዩቱ (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦው) ስፋት፣ ማገናኛ ሳጥኑ ከነክዳኑ። በግለሰብ ቤት አብዛኛው በቃል ያልፋል። ዕቃው በማን እንደሆነ እንኳ ሳይለይ ሥራ የሚጀመርበት ጊዜ አለ፤ ጠብም የሚነሳው ከዚህ ነው።

ደግሞም ፖይንት ሁሉ እኩል አይደለም። ደረጃ ላይ ያለ መብራት ከታችም ከላይም እንዲበራ ከተፈለገ ማብሪያው ሁለት ይሆናል፣ ሽቦውም ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚከፈለው እንደ ተራ አምፖል ነው። ምጣዱን እንይ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ እንጀራ ተጋግሮ እስኪያልቅም አያርፍም። ስለዚህ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የወፈረ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ዋጋ ሰብሮ ሥራ የወሰደ ሰው ከማቀዝቀዣው ጋር በአንድ የሶኬት መስመር ሊያጣምረው ይችላል። ይህን ቁጠባ ማለት አይቻልም፤ ቤተሰቡን ለእሳት ማጋለጥ ነው።

ክፍያው ሥራውን ተከትሎ ይከፋፈላል፦ ግድግዳ ተቦርቡሮ ኮንዲዩት ሲቀበር፣ ከልስን በኋላ ሽቦ ሲሳብ፣ በመጨረሻም ሶኬትና ማብሪያው ተገጥሞ መብራት ሲበራ። ሥራውን የተዋዋለው ባለሙያ በፖይንት ይቀበላል፤ ረዳቶቹ በአብዛኛው በቀን ሂሳብ ይታሰብላቸዋል። ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት ልስኑ ቢቆም ባለሙያው የቀረውን ክፍያ ለወራት ይጠብቃል። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዕቃን ጨምሮ መዋዋል ከባድ ሆኗል፤ የሽቦው መዳብ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነውና። የእጅ ዋጋ ብቻ ተዋውሎ ዕቃውን ለባለቤቱ መተው ለባለሙያው ከኪሳራ መዳኛ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን በፖይንት የማይቆጠረው ሥራ ነው። የግራውንድ ዘንግ መሬት ውስጥ መትከል፣ በየሳጥኑ ያለውን ቅጥያ አጥብቆ ማሰር፣ መስመሩን በመሣሪያ መፈተሽ ጊዜ ይፈጃል፤ ፖይንት ግን አይጨምርም። 50 ፖይንት ተዋውሎ ለሚሮጥ ሰው የግማሽ ቀን ፍተሻ ከገቢው የሚቀነስ ግማሽ ቀን ነው። ጥፋቱን በባለሙያው ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ ከእሱ የምንጠብቀው ያልከፈልንበትን ሥራ ነው።

ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። የሽቦው ውፍረትና ዕቃውን የሚገዛው ማን እንደሆነ ይጻፍ። የግራውንድ ተከላውና የመጨረሻው ፍተሻም ለየብቻ ዋጋ ይውጣላቸው፤ ባለሙያውም ለፈተሸበት ጊዜ ይከፈለው።